ለጠጋኙ የተተወው ቦታ

በዚያ ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። የምዝገባ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰብለ። አንደኛው መስኮት ላይ ተማሪ የምትመዘግበው ሂሩት። ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ለብቻው የሚመዘግበው ታሪኩ፤ እሱ ግን ነበረ ከማለት አልነበረም ማለት ይቀላል፣ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። የኮምፒውተሩ ባለሙያ አቶ ማርቆስ። የውጭው በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ቡናሮ። አበባየሁ የምትባል ልጅ። የአበባየሁ እናት፣ ጥላ ይዘው ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ። እና እኔ፣ አማረች። ሌሎችም መዝጋቢዎች በየክፍላቸው ነበሩ፣ ተማሪውም እስከ አጥሩ ድረስ ተሰልፎ ነበር። ነገሩ ያለፈው ግን በእነዚህ በጠራኋቸው ሰዎች እጅ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤት መዋል ለእኔ ዓይነት ሰው አይበጅም። ጋዙን ዘግቼዋለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ አያለሁ፣ ልጆቼ ደርሰው እንደሆነ ስልክ እደውላለሁ፣ ከዚያ የሚያስጨንቀኝ ሲጠፋ ያ ቀን ይመጣብኛል። ልጄ ቤዛ «እማዬ፣ ከምትብሰለሰዪ ጻፊው» አለችኝ። በእጄ ጻፍኩ፤ እሷ ፊደሌን እያረመች በኮምፒውተር ገለበጠችው። ያልገባት ቦታ ሲኖር ትጠይቀኝ ስለነበር እናንተም አይጠፋችሁም ብዬ አምናለሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኮሌጁ እዚህ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ በኪራይ ቤት ሲጀመር በጽዳት ተቀጠርኩ። ደመወዙን ማውሳት አያስፈልግም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ ይበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገብ ቤት ፋይል አመላላሽ ሆንኩ። የመዝገብ ቤቱ አለቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፋይል መሬት ላይ ተቀምጦ ከሚያዩ ሰው ወድቆ ቢያዩ ይመርጡ ነበር። «አማረች፣ ይሄ እኮ ወረቀት አይደለም፤ የሰው ልጅ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም ፋይሉን እንደ ሕፃን በሁለት እጄ አቅፌ እሄዳለሁ። ተማሪዎቹ ይስቁብኝ ነበር። ቢሆንም አንድም ፋይል ከእጄ አልጠፋም።

ኮሌጁ ወደ ራሱ ግቢ ሲገባ ኮምፒውተር መጣና ፋይል መሸከም ቀረ። ተማሪው ማስረጃውን ይዞ መስኮት ላይ ይቆማል፣ መዝጋቢው እየጠየቀ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። ስም፣ የመጣበት ቦታ፣ ስልክ፣ የወላጅ ስም። የሚሞላ ወረቀት የለም። ማስረጃውን ተማሪው ይዞት ይመለሳል። እኔ ሥራዬ አለቀ ብዬ ስጠብቅ አቶ ማርቆስ መጣ።

አቶ ማርቆስ በዕድሜ ለበኩር ልጄ ይቀርባል። በሥራ ግን አለቃዬ ነበር፣ እርስ በርስም «እርስዎ» ነው የምንባባለው። መዝገቡ ሁሉ ያለበትን ማሽን የሚጠብቅ እሱ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው ማሽኑ ያለው። እኔም ወደ ጽዳት ተመልሼ ነበርና፣ አንድ ሳምንት ያንን ክፍል ሳጸዳ ሲያየኝ ሰንብቶ፣

«እትዬ አማረች፣ ሶኬቱን ለምንድን ነው ተመልሰው የሚያዩት?» አለኝ።

«ነቅዬው እንዳልሆነ ብዬ ነው።»

«መጥረጊያዎ አጠገቡ እንኳ አልደረሰም።»

«አውቃለሁ። ግን ቢሆንስ?»

ሳቀ። በማግስቱ ወይዘሮ ሰብለን ለምኖ ወደ እሱ ክፍል አዛወረኝ። «ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የሚጨነቅ ሰው ነው» አላቸው። በሕይወቴ ጭንቀቴን ለጥቅም የፈለገው እሱ ብቻ ነው።

ሥራው ይሄ ነበር። መዝገቡ ያለበት ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ሰው ልክ አለው። እኛ «ኮኔክሽን» እንላለን፤ መዝጋቢው ኮምፒውተሩ ላይ መስኮት በከፈተ ቁጥር ከማሽኑ ጋር አንድ መስመር ይይዛል። መስመሩ መቶ ነው። መቶው ከሞላ ቀጥሎ የሚመጣው ማንም ይሁን አይገባም፤ ያን ጊዜ ነው መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የምትባሉት። እኔ ስክሪን ፊት ተቀምጬ መስመሩን እቆጣጠራለሁ። ሲበዛ እየደወልኩ የማይሠሩበትን አስዘጋለሁ።

አቶ ማርቆስን ገና በመጀመሪያው ሰሞን ጠይቄዋለሁ። «ሰው እንዲህ ከሚሰለፍ ለምን መቶውን ሁለት መቶ አያደርጉትም?»

«ሐይቅ ዳር ያሉትን ጀልባዎች ያውቋቸዋል አይደል?»

«አውቃለሁ። አልሳፈርባቸውም እንጂ።»

«ልኩን ካለፉ የሚሰጥመው ትርፍ የተጫነው ሰው ብቻ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ አልደገምኩም። ቀጥሎ የነገረኝ ነገር ደግሞ የሥራው ሁሉ እምብርት ነበር። ከመቶው ሦስቱ ለማንም አይሰጡም። ተማሪው በር ቢሰብርም፣ ዲኑ ራሳቸው ቢመጡም አይሰጡም። «ጀልባው ቢቀደድ ጠጋኙ የት ቆሞ ይጠግናል? እነዚያ ሦስቱ የጠጋኙ ቦታ ናቸው» አለኝ። ሁሉም ሲሞላ እሱ በዚያች ክፍት በተተወችው መስመር ገብቶ የታነቀውን ይፈታል። ስለዚህ ለእኔ መቶ ማለት ዘጠና ሰባት ነበር።

ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ በቀለም ይለያሉ። አረንጓዴው እየሠራ ያለ ነው። ቢጫው ጨርሶ የተቀመጠ ነው፤ መስኮቱን ከፍቶ ስልኩን የሚነካካ ማለት ነው። ቀዩ ደግሞ አንድ ተማሪ መጻፍ ጀምሮ፣ ሳያስቀምጥ የቆመ ነው። ቢጫው ሲቆረጥ ማንም ምንም አያጣም። ቀዩ ሲቆረጥ ግን ያ የተጀመረው ሁሉ እንዳልተጻፈ ይሆናል። አቶ ማርቆስ ስለ ቀዩ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቶኝ ነበር። «የጀመረ ሰው አይቆረጥም። ተፈልጎ ይጠየቃል። ስልክ ካላነሳ በእግርዎ ይሂዱ።»

እሱ ራሱ ቢጫውን እንኳ ሳይደውል አይቆርጥም ነበር። ሲደውልም ከሰላምታ ነው የሚጀምረው። «ሰላም ሂሩት፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ሦስተኛዋን መስኮትሽን ልዘጋት ነው፤ የጀመርሽው የለም አይደል?» ይላል። መልሱን ይጠብቃል። ከዚያ ነው የሚቆርጠው። ሌላም ልማድ ነበረው። ማሽኑ ጋ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ በካልሲ። ለአቧራው ነው ይላል፤ እኔ ግን ሳየው ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል። መዳፉን ማሽኑ ጎን ላይ አድርጎ ትንሽ ይቆያል፤ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ። ሥራውን ጨርሶ መስመሩን ሲዘጋ ደግሞ ድምፁን አውጥቶ «ወጣሁ» ይላል። ብቻውን ሲሆንም ይላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጆሮዬ ካልሰማው መውጣቴን አላምንም» አለኝ። እኔም ለመድኩት። እስከ ዛሬ ጋዙን ስዘጋ «ዘጋሁ» እላለሁ፤ ቤዛ ትስቅብኛለች።

ከማሽኑ ይልቅ ያስቸገረን ሰው ነበር። ክፋት አይደለም፣ እንዲያውም ደግነት ነው። እኛ ዘንድ ለሰው ቦታ መያዝ ነውር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ የደረሰ አግዳሚው ላይ የመዝሙር መጽሐፉን ያኖራል፣ የጎረቤቱ ቦታ ተያዘ ማለት ነው። ሰልፍ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል፣ ድንጋዩንም ሰው ያከብረዋል። መዝጋቢዎቹም እንደዚያው ነበሩ። ጠዋት ቀድማ የገባች ለዘገየችው ጓደኛዋ መስኮት ከፍታ ትጠብቃታለች። ምሳ የሚሄደው አይዘጋም፤ ሲመለስ ሞልቶ ቢያገኘውስ?

«ሄሎ ሂሩት፣ አራት መስኮት ከፍተሻል። ሁለት እጅ አይደል ያለሽ?»

«እትዬ፣ አንዱ የታሪኩ ነው፣ ይዤለት ነው።»

«ታሪኩ የት ነው?»

«መጣሁ ብሎ ነው የወጣው።»

«መቼ?»

«ጠዋት!»

ያ «መጣሁ» የሚሉት ነገር ስንቱን ዘጠና ሰባት እንደሞላ እኔ ነኝ የማውቀው። ታሪኩ ደግሞ ቀልደኛ ነው። «ትራፊኳ» ነበር የሚለኝ። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ «ልለፍ ወይስ ቀይ ነው?» ይለኛል። «አንተ ባለጌ፣ መስኮትህን ዝጋ» እለዋለሁ። «እዘጋለሁ፣ መጣሁ» ይልና ይሄዳል። ልጁን ለብቻው የሚያሳድግ አባት ነው። ትምህርት ቤት የሚያደርስም የሚመልስም እሱ ነው፤ ይሄንን ስለማውቅ ብዙ አልጨክንበትም ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

የምዝገባው መጨረሻ ቀን ነበር። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ እስከዚያ ስሙ ያልገባ ተማሪ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ያ የኮሌጁ ደንብ ነው። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ጥርቅም ብሎ ሞላ። ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት፣ አንዱን ሳስዘጋ ሌላው ይገባል። ጉሮሮዬ ደርቆ ድምፄ ሊጠፋ ደርሶ ነበር።

ሂሩት ደወለች። «እትዬ፣ አንዲት ልጅ እዚህ ቆማለች፤ ከተራራው፣ ከዳዬ ከተማ ማዶ ነው የመጣችው። ጎርፍ መንገድ ዘግቶባቸው ሁለት ቀን ተጉዘዋል። የኔ መስኮት ተቆልፎብኛል፣ አያስገባኝም። ምን ላድርጋት?»

«ቆይ፣ ቢጫ ልፈልግልሽ።» ቢጫ አልነበረም። ሁሉም አረንጓዴ ወይም ቀይ ነው።

ለአቶ ማርቆስ ስነግረው ተነስቶ ሄደ። እኔም የውኃ ጠርሙሴን ላስሞላ ከኋላው ወጣሁ፤ ስለዚህ ልጅቷን በዓይኔ አይቻታለሁ። አበባየሁ ትባላለች። የአባቷንም ስም ሰምቻለሁ፤ ሳላስፈቅዳት ወረቀት ላይ ማውጣት ስለከበደኝ ነው የተውኩት። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት። የተመደበችው ለነርስነት ነበር። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፣ ማስረጃዎቿን ግን በፕላስቲክ ጠቅልላ አንድ ጠብታ አላስነካቻቸውም። ከቤዛ ጋር እኩያ ናት። አማርኛ እየመረጠች ነው የምትናገረው።

«እናቴ ውጭ አለች። መኪና በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ የመጨረሻ ነው። ካልተመዘገብኩ አባቴ ሁለተኛ አይልከኝም» አለች። አላለቀሰችም። ነገሩን እንዳለ ነው የተናገረችው።

ወይዘሮ ሰብለ ከቢሯቸው ወጡ። «ማርቆስ፣ እነዚያ ሦስቱ ባዶ ተቀምጠዋል አይደል? ለአንዲት ልጅ አንዱን ብትለቅ ምን ይሆናል?»

ከዚያ በፊት እንዲህ ሲጠይቁት ስንት ጊዜ «አይሆንም» ሲል ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን ልጅቷን አየ፣ ጫማዋን አየ። «አንድ ብቻ» አለ። በደስታ ጠርሙሴን ልጥለው ነበር። ሁላችንም ደስ አለን፤ ሂሩት አጨበጨበች። የተሳሳተ ነገር እየተሠራ እንደሆነ ከመሐላችን ማንም አልተሰማውም።

ሂሩት በዚያች መስመር ገብታ አበባየሁን መመዝገብ ጀመረች። ስም ጻፈች፣ ዳዬ ማዶ ያለውን ቀበሌ ጻፈች፣ ስልክ ጻፈች፤ የአጎቷ ስልክ ነው፣ እቤታቸው ሌላ ስልክ የለም። ይህን ሲያዩ ከአጠገቧ ያለው መስኮት ላይ ያሉት «ለእኛስ?» አሉ፤ እነሱም ከሩቅ የመጡ ነበሩ። ሁለተኛዋም ተሰጠች። ሦስተኛዋን ወይዘሮ ሰብለ «የተመዘገቡትን ዝርዝር አውጥቼ እዘጋለሁ» ብለው ራሳቸው ገቡባት። ጠጋኙ የሚቆምበት ቦታ አለቀ።

ወደ ስክሪኔ ስመለስ መቶው በሙሉ ሞልቶ ነበር፣ አብዛኛውም ቀይ። አረንጓዴ የነበሩት እያየኋቸው አንድ በአንድ ወደ ቀይ ይለወጣሉ። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ መስመር ነው፤ የፎቁን፣ የታሪኩን። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ መጨረሻ ላይ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው። ታሪኩ አንድ ተማሪ ጀምሮ፣ በዚያ ቀን ቁጥሩ ጋ ድረስ ደርሶ፣ እጁን እዚያ ላይ አሳርፎ ትቶታል። እሱ ካልጨረሰ ሌላው ቁጥር አያገኝም፤ አበባየሁም ጭምር።

ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እንደታዘዝኩት በእግሬ ሄድኩ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ክፍሉ ተቆልፏል። ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ይሰማኛል። በሞባይሉ ደወልኩ፣ አያነሳም። ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ባጃጅ ላይ ነበር፤ በባጃጅ ጩኸት ማን ስልክ ይሰማል?

አቶ ማርቆስ ሊቆርጠው ተቀመጠ። ማሽኑ «ቦታ የለም» አለው። እንደገና ሞከረ፤ ቦታ የለም። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ወይዘሮ ሰብለ እየሮጡ የእሳቸውን መስኮት ዘጉ፤ መስኮቱ ተዘጋ፣ መስመሩ ግን ስክሪኔ ላይ እንዳለ ቀረ። እሱም ከታሪኩ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ አይለቅም። አቶ ማርቆስ ጫማውን አውልቆ ማሽኑ ፊት ሄዶ ከዚያው ሊገባበት ሞከረ። ማሽኑም ፈዟል፣ አይመልስም። መዳፉን ጎኑ ላይ አደረገ። እሳት ነበር።

«አጥፍቶ ማስነሳት ነው የቀረው» አለኝ።

«የተጀመሩትስ?»

«ይጠፋሉ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፉን ተጭኖ ይገላገላል። እሱ ግን ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያስር ክፍል ለክፍል ዞረ። «ላጠፋው ነው፤ የያዛችሁት ተማሪ ይጠፋል፤ እንደገና ትጽፉታላችሁ» እያለ። ሳይነግር የቆረጠው አንድም ሰው የለም። አበባየሁ ጋ ሲደርስ ለእሷም ለብቻዋ ነገራት።

«አሁን የጻፍነው ይጠፋል። ማሽኑ ሲነሳ ግን ካንቺ እንጀምራለን።»

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለችው።

ዋሽቶ «አምስት» ቢላት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። እሱ አይዋሽም። «አላውቅም» አላት።

አሰበችና «እናቴን ልንገራት። መጣሁ» አለች። ፕላስቲኳን ብብቷ ሥር ይዛ ሄደች።

ማሽኑ ታመመ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ቶሎ አልነሳም አለ። ሲነሳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። በሩ ላይ ጋሽ ቡናሮ እንደታዘዙት ሰዓቱ ሲደርስ «ሲስተም የለም፣ ምዝገባ አልቋል» ብለው ዘግተዋል። እሳቸው ምን ያድርጉ? በኋላ ስጠይቃቸው «አንዲት ልጅ ልትገባ መጥታ ነበር፤ አልቋል ስላት ራሷን ነቅንቃ ከእናቷ ጋር ሄደች። ጥላውን እሷ ነበረች የያዘችላቸው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። አቶ ማርቆስ ዲኑ ጋ ገብቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተማሪዎቹ አይጎዱ» አለ። ዲኑም ሰው ናቸው፤ እስከ ማግስቱ ምሳ ሰዓት ፈቀዱ። የተጀመሩት የጠፉባቸው ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ግቢው ውስጥ ነበሩ ወይም ከተማ ውስጥ ዘመድ ነበራቸው። በስልክም በአፍም ተጠርተው ተመዘገቡ። አበባየሁ ብቻ ቀረች።

ለእሷ ማን ይደውል? ስልኳ የነበረው በጠፋው ውስጥ ነው። የተመደቡት ዝርዝር ላይ ስም እንጂ ሌላ የለም። ሂሩት ስልኩን ለማስታወስ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፤ አልመጣላትም። ቀበሌውንም እሷ ረስታዋለች፣ እኔም ከቆምኩበት አልሰማሁትም፤ «ዳዬ ማዶ» የምትለዋ ብቻ ናት የቀረችልኝ። እኔ ልጆቼ የሚሄዱበትን ሰው ሁሉ ስልክ የምጽፍ፣ የጎረቤቱን ልጅ ስልክ ሳይቀር የያዝኩ ሴት፣ አጠገቧ ቆሜ ውኃ እየጠጣሁ «ስልክሽን ንገሪኝ» አላልኳትም። መዳፌ ላይ ብጽፈው ይበቃ ነበር።

ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሹፌሩን «ልጄ፣ ፍጠን» እያልኩት፣ ሰው በተሻገረ ቁጥር ደግሞ «ቀስ በል» እላለሁ። «እማማ፣ አንዱን ይምረጡ» አለኝ። ስንደርስ የዳዬው መኪና ወጥቷል። ተራ አስከባሪው «ቀጭን ልጅና አሮጊት? ኋላ ወንበር ላይ ናቸው። አሁን ከከተማ ወጥተው ቱላን አልፈዋል» አለኝ። «ሹፌሩ ስልክ አለው?» ብዬ ለመንኩት። ደወለልኝ። ተዘግቷል፤ ተራራው ውስጥ ከገባ አይሠራም አለኝ።

ታሪኩ የልጁን እጅ ይዞ ሲመጣ ሁላችንም ኮሪደር ላይ ቆመናል። ሁኔታችንን አይቶ ሊቀልድ የከፈተውን አፍ ዘጋ። ለምን ጀምሮ እንደሄደ የጠየቀው አቶ ማርቆስ ነው፤ ድምፁን ሳያነሳ።

ታሪኩ ለእኔ ነው የመለሰው። «እትዬ አማረች፣ ቢጫ ከሆንኩ ይዘጉብኛል። የጀመረ ሰው ግን እንደማይቆርጡ አውቃለሁ። ለዚያ ብዬ እኮ ነው አንድ የተማሪ ስም ጀምሬ የሄድኩት። ቦታዬ እንዲቆይልኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

እውነቱን ነው። ለካ ስንት ጊዜ ያየሁት ቀይ መስመር ሥራ ላይ ያለ ሰው አልነበረም፤ በደግነታችን ላይ የተቀመጠ የሰልፍ ድንጋይ ነበር። ደንባችን ሰውን ለመጠበቅ ነው የወጣው፣ ሰውም ደንቡን ቦታ መያዣ አደረገው። አቶ ማርቆስ ይሄን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ታሪኩን አልተቆጣውም። እኔም አልተቆጣሁትም፤ ልጁ እጁን ይዞ ቆሟል።

በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ጋሽ ቡናሮ አጠገብ በር ላይ ቆምኩ። ከዳዬ በኩል የሚመጣ መኪና ሲቆም አያለሁ። ምሳ ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ሰብለ መጥተው «አማረች፣ ግቢ» አሉኝ፤ ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጠ። የወሰደችው ልጅ ጥፋት የለባትም፤ ጎበዝ ነርስ እንደሆነች ሰምቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይባርካት።

ዳዬ ወንድም ያላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩና በእሳቸው ላክሁባት። የአባቷን ስም ብነግራቸውም፣ እዚያ አካባቢ በዚያ ስም የምትጠራ ብዙ ናት አሉኝ። አቶ ማርቆስም በዕረፍቱ አንድ ቀን ሄዶ ነበር፤ ለእኔ አልነገረኝም፣ ጫማው ላይ ካለው ቀይ ጭቃ ነው ያወቅሁት። «አገኟት?» ስለው ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ያው ክፍል አልሆነም። የጠጋኙ ቦታ ሁለተኛ ለማንም አልተሰጠም። ማሽኑም ራሱ እንዲቆርጥ ተደረገ፤ ቢጫም ይሁን ቀይ ሳይሠራ የተፈቀደለት ደቂቃ ካለፈ ይቆርጣል፣ አይደውልም፣ ሰላም አይልም። ያንን ያደረገው አቶ ማርቆስ ነው። ሲያደርገው አጠገቡ ነበርኩ። ጨርሶ ሲወጣ «ወጣሁ» ማለቱን ረሳ። ትክክል ነው የሠራው፤ ከዚያ ወዲህ መስመር ታንቆ አያውቅም። ተማሪ «ሲስተም የለም» ተብሎ ከተመለሰም መብራት ጠፍቶ እንጂ በሌላ አይደለም። ግን እኔ የምደውልለት ሰው አልቀረኝም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ ነው የጨረስኩት። አቶ ማርቆስ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ በበዓል በበዓሉ ይደውልልኛል። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ከዳዬ ወሬ አለ?»

ታሪኩ አሁንም እዚያው ነው። ጡረታ ስወጣ ሲሸኙኝ «ትራፊኳ ሄደች» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠበት።

ቤዛ አሁን ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ማታ ማታ ስትገባ በሩን ስትከፍት ስሰማ ልቤ ይመለሳል፤ ወዲያው ደግሞ ያች ልጅ የእናቷን ጥላ ይዛ ስትሄድ ትታየኛለች። አባቷ ሁለተኛ ልኳት እንደሆነ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታ እንደሆነ፣ አግብታ እንደሆነ አላውቅም። የዚያን ቀን ማምሻውን እንደተፈቀደላት፣ ሰው እየሮጠ እንደፈለጋት፣ እሷም አታውቅም።

ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ። ከዳዬ ማዶ የሆነች፣ አበባየሁ የምትባል፣ ቀጭን፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ለነርስነት ሐዋሳ መጥታ ሳትመዘገብ የተመለሰች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗንና ምን እየሠራች እንደሆነ አሳውቁኝ። ጋሽ ቡናሮ አሁንም የኮሌጁ በር ላይ አሉ፤ ለአማረች ነው ብላችሁ ብትነግሯቸው ይደርሰኛል።